«እናቱስ የት ናት?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ተነጋግረው የተጻፉ ይመስላሉ። አብዛኞቹ የሚጠይቁት ምዕራባውያን ሠዓሊዎች ጥቁሮችንና ሌሎች ነጭ ያልሆኑ ሰዎችን እንዴት አድርገው እንደሳሉ ነው። እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። አንድ የአውሮፓ ሙዚየም ውስጥ ለ19 ዓመታት ጎብኚ ሳስጎበኝ ኖሬ፣ ዛሬ ጉልበቴ የድንጋይ ወለል አልችልም ስላለኝ ቤት የተቀመጥኩ ሴት ነኝ። የምመልሰው ቆሜ ካየሁትና በእነዚያ ዓመታት ካነበብኩት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። በቅርቡ የሰባት ዓመት ልጄን ይዤ አንድ ትልቅ የአውሮፓ ሙዚየም ገባሁ። ሐር የለበሰች ባለጸጋ ሴት ሥዕል ፊት ስንደርስ ልጄ ከሴትዮዋ ጎን ፍራፍሬ ይዞ የቆመውን ጥቁር ልጅ አይታ «እናቱስ የት ናት?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ከዚያ በኋላ በሦስት ክፍሎች ውስጥ እንዲህ ያሉ አራት ልጆች ቆጠርን፤ ሁሉም ጥግ ላይ ናቸው። ምን ልበላት?

መልስ፦ በመጀመሪያ ልጅሽን ሳሚልኝ። በ19 ዓመት ውስጥ ፕሮፌሰርም አምባሳደርም አስጎብኝቻለሁ፤ ይህን የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። የባሰው ደግሞ እኔም ራሴን አለመጠየቄ ነው። እንዲህ ያለ ሥዕል ፊት ስቆም «ይህ እንግዲህ አሽከሩ ነው» እልና የእጅ ባትሪዬን ወደ እመቤቲቱ ዳንቴል አዞር ነበር። ስለ ዳንቴል ብዙ የምለው ነበረኝ።

ልጁ እዚያ ጥግ እንዴት እንደደረሰ ለመረዳት ከአንድ ደብዳቤ እንጀምር። በ1491 በጣሊያን የማንቱዋ ከተማ እመቤት ኢዛቤላ ዴስቴ ቬኒስ ለነበረው ወኪሏ ጻፈች። ዕድሜዋ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ አራት ዓመት የሆነ ጥቁር ሴት ልጅ እንዲፈልግላት አዘዘችው፤ በተቻለ መጠን የጠቆረች እንድትሆንም አሳሰበችው። ለቀሚስ የሚሆን ጨርቅ ሲታዘዝ ቀለሙ እንደሚመረጠው ማለት ነው። አንድ ዓመት ተኩል! ገና ጡት ያልጣለች። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ቲሺያን የኢዛቤላን ወንድም የአልፎንሶን ፍቅረኛ፣ ላውራ ዲያንቲን ሳላት። ሰማያዊ ለብሳ አንድ እጇን በጥቁር ልጅ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋለች። ልጁ ባለ ብዙ ቀለም ሐር ለብሶ ቀና ብሎ ያያታል፤ እሷ አታየውም። ይህ አቋቋም ተወደደ። ከዚያ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ባለሀብቶች ሠዓሊ ሲጠሩ «እኔንም እንዲሁ አድርገህ ሳለኝ» ያሉ እስኪመስል ድረስ ተደጋገመ።

ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የፖርትሬት ጋለሪ ፒየር ሚኛር በ1682 የሳላት የፖርትስማውዝ ዱቼስ (የመስፍን ማዕረግ ያላት ሴት) አለች። ክንዷ አጠገብ ያለችው ትንሽ ጥቁር ልጅ በአንድ እጇ ዕንቁ የሞላ ዛጎል፣ በሌላው ቀይ መርጃን ይዛለች። ዕንቁውም መርጃኑም ልጅቱም በመርከብ የመጡ ናቸው፤ ሠዓሊው ሦስቱን አንድ ላይ የሰበሰባቸው በአጋጣሚ አይደለም። የልጅቱ ጥቁረት ሌላም ሥራ ተሰጥቶታል። ነጭ ቆዳ ከጥቁር አጠገብ ሲሆን ይበልጥ ይነጣል፤ የዱቼስዋ ደረት ወተት የመሰለው በዚህ ዘዴ ነው። ልጅቱ እንደ ቀለም ገብታለች።

ስለዚህ ለልጅሽ ይህን አስተምሪያት፦ እንዲህ ያለ ሥዕል ፊት ስትቆም ከፊቱ በፊት አንገቱን ትመልከት። በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ስሙን የወሰደበት የኢላይሁ ዬል የቡድን ሥዕል አለ፤ በ1719 ገደማ የተሳለ ነው። ወንዶቹ ተቀምጠው ይጠጣሉ፣ ከጎናቸው አሥር ዓመት ገደማ የሚሆነው ጥቁር ልጅ ቆሟል። ልብሱ ያማረ ነው። አንገቱ ላይ ግን በቁልፍ የተቆለፈ የብር ቀለበት አለ። በጌጥነት ልታልፊው ትችያለሽ፤ ቁልፉን ስታዪ ግን ጌጥ እንዳልሆነ ይገባሻል። ሥዕሉ ያለበት ሙዚየም በ2020 ከግድግዳው አውርዶ ካጠናው በኋላ አዲስ መግለጫ ጽፎለት መልሶ ሰቀለው።

ወደ እናቱ እንመለስ። ለአንዱ ልጅ እንኳ መልስ አለኝ። በ1837 ገደማ በኒው ኦርሊንስ የፍሬይ ቤተሰብ ሦስት ልጆቹን አሳለ፤ ሥራው የዣክ አማንስ ነው ተብሎ ይታመናል። ከልጆቹ ኋላ ዛፍ ተደግፎ፣ ክንዶቹን አጣምሮ፣ በሐሳብ የሄደ አንድ ጥቁር ጎረምሳ ነበር። ነበር የምለው ወደ 1900 ገደማ አንድ ሰው ብሩሽ አንሥቶ ስላጠፋው ነው። ልጁ በቆመበት ላይ ዛፍና ሰማይ ቀባበት። ቀለም ግን ሲያረጅ ይሳሳል፤ ከሥሩ ያለው ቀስ እያለ ይወጣል። ሥዕሉ ለብዙ ዓመታት በአንድ ሙዚየም መጋዘን ሲቀመጥ በዛፉ አጠገብ የሰው ቅርጽ ያለው ጥላ ይታይ ነበር። በ2005 ተሽጦ ሲጸዳ ልጁ ከነክንዱ ወጣ።

ከዚያ ሰነድ ተፈለገ። ስሙ ቤሊዜር ነው። በ1822 ተወለደ፤ በስድስት ዓመቱ ከእናቱ ጋር ለፍሬይ ቤተሰብ ተሸጠ፤ እናቱ ሳሊ ትባል ነበር። በሥዕሉ ላይ 15 ዓመቱ ነው። ሦስቱ ነጭ ልጆች በልጅነታቸው ሞቱ። እሱ በ1856 ለአንድ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ተሸጠ። ሥዕሉን በ2023 የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ገዝቶታል። እንግዲህ ልጅሽ ስትጠይቅሽ «ይህኛውን አላውቀውም፤ የአንዱ እናት ግን ሳሊ ትባላለች፣ ሥዕሉ ሲሳል ማንም አልጠራትም» በያት። ሰባት ዓመት ይህን ለመስማት አያንስም።

ጥያቄ፦ የ71 ዓመት ጡረተኛ ነኝ። ነጮች ከጥንት ጀምሮ ጥቁርን ሲስሉ አዋርደው ነው የሳሉት የሚል ክርክር ከወዳጆቼ ጋር ገጥሜአለሁ። ትክክል ነኝ?

መልስ፦ አዝናለሁ፣ ክርክሩን ተሸንፈዋል። «ከጥንት ጀምሮ» የሚለው ነው የጣለዎት።

ጀርመን ውስጥ ማግደቡርግ በሚባል ከተማ አንድ ካቴድራል አለ። እዚያ ከ1240 እስከ 1250 ባለው ጊዜ የተቀረጸ የቅዱስ ሞሪስ ሐውልት ቆሟል። ሞሪስ በትውፊቱ ከላይኛው ግብጽ የመጣ የሮም ጦር አዛዥ ነው፤ ክርስቲያኖችን አላሳድድም ብሎ የተሠዋ። ከዚያ በፊት ሠዓሊዎች እንደማንኛውም ነጭ ባላባት ነበር የሚያሳዩት። የማግደቡርጉ ቀራጭ ግን ፊቱን በግልጽ አፍሪካዊ አደረገው። የብረት ጥሩሩን እስከ አገጩ አልብሶ፣ ዓይኑን ቀጥ አድርጎ አቆመው። ሐውልቱ ከጉልበቱ በታች ተሰብሯል፤ ግርማው ግን አለ። በሰሜን ጀርመን ብርድ ውስጥ የካቴድራሉ ጠባቂ ቅዱስ ጥቁር ሰው መሆኑን አስቡት።

ከዚያ ሰብአ ሰገል አሉ። በ15ኛው መቶ ዘመን ከሦስቱ አንዱን ጥቁር ንጉሥ አድርጎ መሳል የተለመደ ሆነ፤ ጀርመናዊው አልብሬክት ዱረር በ1504 የሳለው እንዲህ ነው። በአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም ደግሞ ያን ሞስታርት ከ1525 እስከ 1530 ገደማ የሳለው አፍሪካዊ አለ። ጓንት አድርጓል፣ ሰይፍ ታጥቋል፣ ባርኔጣው ላይ የተሳላሚ ምልክት ሰክቷል። ለብቻው በቀለም የተሳለ ጥቁር ሰው በአውሮፓ ሥዕል ውስጥ ከዚህ የቀደመ አይታወቅም። ማንንም አያገለግልም፤ ማንንም ቀና ብሎ አያይም።

አሁን ደግሞ ለእርስዎ ልፍረድ። በ1444 ፖርቱጋል ውስጥ ላጎስ በሚባል ወደብ 235 አፍሪካውያን ምርኮኞች ከመርከብ ወርደው ተከፋፈሉ። የባሪያ ንግዱ እየሰፋ ሲሄድ ሥዕሉም አብሮት ተለወጠ፤ ንጉሡና ቅዱሱ ባይጠፉም ትሪ የያዘው ልጅ እየበዛ መጣ። ዱረር ራሱ በ1521 አንትወርፕ በነበረ ጊዜ በአንድ ፖርቱጋላዊ የንግድ ወኪል ቤት የምታገለግል ሴት አገኘና በብር እርሳስ ሳላት። ዓይኗን ወደ ታች ጥላለች። ከዚያ ጥግ ላይ ስሟንና ዕድሜዋን ጻፈ፦ ካታሪና፣ 20 ዓመት። ያ ጽሑፍ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ የሚገባዎት እንደ እኔ ዓመታትን «ስሙ ያልታወቀ» እያሉ ከተናገሩ በኋላ ነው። ለወዳጆችዎ ቡና ይጋብዙ፤ ግማሹን ግን እነሱ ይክፈሉ።

ጥያቄ፦ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ታዲያ በየሥዕሉ ለምን ፀጉረ ወርቅማ ነጭ ሆነች? የተሰረቅን መሰለኝ።

መልስ፦ ቀስ በል ልጄ። ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብጽ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድርና ፊታቸው በፀሐይ የጠቆረ ያሏቸውን ሕዝቦች ማለታቸው ነበር፤ የዛሬው ካርታ በእጃቸው አልነበረም። ቅሬታህ ግን መሠረት አለው። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ በአንድ ግጥሙ አንድሮሜዳን በአገሯ ቀለም የጠየመች ይላታል። ይኸው ኦቪድ በሌላ ሥራው ጀግናው ፐርሲየስ ከድንጋይ ጋር ታስራ ሲያያት ነፋሱ ፀጉሯን ባያንቀሳቅሰውና እንባዋ ባይወርድ የእብነ በረድ ሐውልት መስላው ነበር ብሎ ጻፈ። ሠዓሊዎቹ ሁለቱንም የማንበብ ዕድል ነበራቸው፤ እብነ በረዱን መረጡ። ቲሺያን በ1550ዎቹ፣ ሬምብራንት በ1630 ገደማ፣ ሌይተን በ1891፣ ሁሉም ነጭ አደረጓት። ለንጉሥ ወይም ለባለጸጋ እልፍኝ የሚሳል ራቁት ገላ ነበርና ውበት ማለት ነጭነት ነው ብለው ያደጉ ሰዎች ሥዕሉን የሚገዛውን ማስቀየም አልፈለጉም።

የሚያስቀው፣ ነገሩ ለጥንቶቹም እንግዳ አለመሆኑ ነው። ሄሊዮዶረስ የሚባል የግሪክኛ ጸሐፊ በጻፈው ረጅም የፍቅር ታሪክ ውስጥ የኢትዮጵያ ንግሥት ነጭ ልጅ ትወልዳለች። ምክንያቱም በፀነሰች ሰዓት ዓይኗ ያረፈው የነጭ አንድሮሜዳ ሥዕል ላይ ነበር። ማለትም በእሱ ዘመንም ነጯ አንድሮሜዳ ግድግዳ ላይ ነበረች፤ እሱም ነገሩ እንግዳ ስለሆነበት ታሪክ ፈጠረለት።

ንግሥተ ሳባን ማየት ከፈለግህ ኦስትሪያ ውስጥ ክሎስተርኖይቡርግ በሚባለው ገዳም ኒኮላስ ዘቨርደን በ1181 የጨረሰው የመሠዊያ ሥራ አለ። በወርቅና በኢናሜል (ብረት ላይ በሚቀልጥ ባለ ቀለም መስታወት) የተሠራ ነው፤ ለሰሎሞን ስጦታ ይዛ የቆመችው ንግሥት ጥቁር ናት። የአንድ ጥፍር ያህል ፊት ናት፤ ፎቶውን አጉልተህ እያት።

ጥያቄ፦ ሥዕል እማራለሁ። ጥቁር ወይም ጠይም ቆዳ በዘይት ቀለም ስሠራ ጭቃ ይሆንብኛል። የጥንት አውሮፓውያንስ እንዴት ተወጡት?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ወደድኩት። እኔ ብሩሽ የያዝኩት ለአጭር ጊዜ ነው፤ ግን ለሰዓታት ከሥዕል ፊት የመቆም ጥቅሙ የአሠራሩን መንገድ መልቀም ነው።

ችግርህ ከመማሪያው ይጀምራል። ቼኒኖ ቼኒኒ በ1400 ገደማ ለሠዓሊዎች የጻፈው መመሪያ ፊት ሲሳል ከሥር አረንጓዴ አፈር ተቀብቶ ከላይ ሮዝ ይደራረብበታል ይላል። ይህ የነጭ ሰው ቆዳ አሠራር ነው። ከዚያ በኋላ «የሥጋ ቀለም» የሚለው አነጋገር ራሱ አንድ ዓይነት ሥጋ ብቻ ያለ አስመሰለው። የተማርከውን አሠራር ቡናማ ጨምረህ ለሌላ ፊት ብትጠቀምበት ጭቃ መሆኑ አይቀርም።

ብራሰልስ ባለው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሩበንስ በ1614 ገደማ የሠራው የአንድ ጥቁር ሰው አራት የጭንቅላት ጥናት አለ። ያው ሰው ይስቃል፣ ያዘነብላል፣ ዞር ይላል። ቅርብ ብለህ ብታየው ቡናማው ትንሽ ነው። ግንባሩ ላይ ሰማያዊ የሚመስል ግራጫ፣ ጉንጩ ላይ ቀይ፣ ጆሮው አካባቢ ብርቱካናማ ታገኛለህ። ምስጢሩ ይህ ነው፦ ጥቁር ቆዳ ብርሃንን አጥርቶ ይመልሳል። ነጭ ፊት ላይ ብርሃኑ ይሰራጫል፤ ጥቁር ፊት ላይ እንደ መስታወት ጥቂት ቦታ ላይ ይሰበሰባል። ስለዚህ ብሩህ ቦታውን ነጭ በመቀላቀል አታድርገው፤ አመድ ይሆናል። የመስኮቱን ቀለም አድርገው፤ ሰማይ ከሆነ ሰማያዊ፣ ሻማ ከሆነ ቢጫ። (ይህ የሩበንስ ሥራ በ1950ዎቹ በቤልጂየም የ500 ፍራንክ ኖት ጀርባ ላይ ታትሞ ነበር። የኖቱ ፊት ላይ የነበረው ዳግማዊ ሊዮፖልድ ነው፣ ኮንጎን ያደማው። ያን ኖት የነደፈ ሰው ምን እያሰበ ይሆን እያልኩ ብዙ ጊዜ ተበሳጭቻለሁ።)

ከዚያ ወደ ስፔናዊው ሠዓሊ ቬላስኬዝ ሂድ። በ1650 ሮም ላይ በባርነት የያዘውን ረዳቱን ኽዋን ዴ ፓሬኻን ሳለው፤ ዛሬ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ነው ያለው። የሥዕሉ ጀርባ አረንጓዴ ያለበት ግራጫ፣ ልብሱም ግራጫ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ዳንቴል። ጎልቶ የሚጮህ ቀለም ስለሌለ የፊቱ ሙቀት ብቻውን ይወጣል። ጥቁር ፊት ድፍን ጥቁር ጀርባ ላይ አታስቀምጥ፤ ቫርኒሹ (መጨረሻ ላይ የሚቀባው ማብረቂያ) ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሲሆን ሁለቱ ተዋህደው ሰውየው ይጠፋል። በየሙዚየሙ ጥርሱና የዓይኑ ነጭ ብቻ የቀሩ ስንት ምስኪኖች አይቻለሁ! ሬንጅ የሚመስለውን ቢቱመን የሚባል ቀለምም ራቅ፤ የ19ኛው መቶ ዘመን ሠዓሊዎች ለጥላ ወደዱት፣ ግን በደንብ ስለማይደርቅ ሥራቸውን እንደ አዞ ቆዳ ሰነጣጠቀው።

የፓሬኻን ታሪክ ሳልነግርህ አላልፍም። ሥዕሉ በመጋቢት 1650 ፓንቴዮን በሚባለው የሮም ጥንታዊ ሕንጻ ውስጥ ለሕዝብ ታየ፤ በኅዳር ወር ቬላስኬዝ የነጻነት ወረቀት ፈረመለት፣ አራት ዓመት ተጨማሪ ሊያገለግል ተዋውሎ። ፓሬኻ ራሱ ሠዓሊ ሆነ። በ1661 የሠራው «የማቴዎስ መጠራት» ማድሪድ ፕራዶ ሙዚየም ውስጥ አለ። በግራ ዳር የራሱን ምስል አስገብቶ ስሙ ያለበትን ወረቀት ይዟል። ቆዳውን ግን ቬላስኬዝ ከሳለው አቅልቶታል። እኔ ለምን ብዬ አልወቅሰውም፤ አንተ ግን ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አስቀምጠህ ቅዳቸው። ከየትኛውም ትምህርት ቤት ይበልጣል።

ዛሬ ያሉትን ከጠየቅህ አሜሪካዊው ኬሪ ጄምስ ማርሻል ከአጥንት፣ ከካርቦንና ከብረት የሚሠሩ ሦስት ዓይነት ጥቁሮችን እያፈራረቀ ፊትን ጥቁር ብቻ አድርጎ፣ ሆኖም ጥልቀት ሰጥቶ ይሠራል። ከሩበንስ ትምህርት ጋር ይጋጫል። ይጋጭ።

ጥያቄ፦ ሙዚየሞች የሥዕሎችን ስም እየለወጡ ነው። አሮጌውን ቃል ስላልወደዱት መሰረዝ ታሪክን ማጭበርበር አይደለም ወይ? አስተያየትሽ ምንድን ነው?

መልስ፦ በቁጣ ስለጻፉልኝ በቁጣ ልመልስ አሰብኩና ተውኩት፤ ግማሹ ሐሳብዎ የእኔም ነውና። አሮጌው ስም መዝገብ ላይ መቅረት አለበት። ሰዎች ምን ብለው ይጠሩ እንደነበር ማወቅ መብታችን ነው።

ግን ስሙን የሰጠው ሠዓሊው ነው ብለው ካሰቡ ብዙውን ጊዜ ተሳስተዋል። አሮጌ ሥዕሎች ስም ያወጣላቸው የንብረት ቆጣሪ ወይም ሻጭ ነው። ማሪ ጊየሚን ቤኖይስት በ1800 ፓሪስ ላይ ያቀረበችው ሥዕል «የአንዲት ኔግሮ ሴት ምስል» ተብሎ ኖረ። ሴቲቱ ነጭ ጨርቅ ለብሳ፣ ሰማያዊ ሻሽ ወንበሩ ላይ ጥላ፣ ወገቧን በቀይ ታስራ ተቀምጣለች፤ የፈረንሳይ ባንዲራ ናት ማለት ይቻላል። ፈረንሳይ በቅኝ ግዛቶቿ ባርነትን የሻረችው በ1794 ነው፤ ናፖሊዮን በ1802 መለሰው። ሥዕሉ በዚያ ጠባብ ክፍተት መካከል ነው የተሠራው። ሴቲቱ የሠዓሊዋ ባል ወንድም ከካሪቢያኗ ደሴት ከጓዴሎፕ ያመጣት አገልጋይ ስትሆን ስሟ ማድሌን ነው። በ2019 ኦርሴ ሙዚየም ስለ ጥቁር ሞዴሎች ባዘጋጀው ዐውደ ርእይ ላይ «የማድሌን ምስል» ተብሎ ቀረበ። እዚህ ላይ ምን ተሰረዘ? እኔ የተጨመረ ነው የሚታየኝ።

በዚያው ዐውደ ርእይ የፈረንሳዊው ሠዓሊ የማኔ «ኦሊምፒያ»ም ነበረች፤ ራቁቷን የተጋደመች ነጭ ሴት፣ እግሯ ሥር ጥቁር ድመት፣ ከኋላ ጥቁር አገልጋይ ያሉባት ሥዕል። አበባ ይዛ የቆመችውን ጥቁር ሴት ተቺዎች ለመቶ ዓመት ያህል ከድመቷ ያነሰ ቦታ ነው የሰጧት። እኔም በተማሪነቴ ስለ ድመቷ ሁለት ገጽ ጽፌአለሁ፣ ስለ ሴቲቱ አንድ መስመር። ማኔ ግን በ1862 በማስታወሻ ደብተሩ ሎር የሚለውን ስሟን፣ ውበቷን፣ አድራሻዋንም ጭምር ጽፎ ነበር፦ ቬንቲሚል ጎዳና 11 ቁጥር፣ ሦስተኛ ፎቅ። ደብተሩ ነበረ፤ የሚያነበው ጠፋ።

ቃሉ ራሱ ስድብ በሆነ ጊዜ ደግሞ ራይክስሙዚየም ከ2015 ጀምሮ ያደረገው ልክ ነው እላለሁ። ሲሞን ማሪስ በ1906 ገደማ የሳላት ማራገቢያ የያዘች ወጣት «ትንሿ ኔግሮ» ትባል ነበር። ሴቲቱ ትንሽ አይደለችም፤ ማራገቢያው ግን ይታያል። «ማራገቢያ የያዘች ወጣት» ቢባል ማን ተጎዳ?

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ ስለ አፍሪካውያን ብቻ ነው የሚወራው። ሌሎችስ?

መልስ፦ ልክ ነህ። በአንድ ሥዕል ልካስህ። በ1774 ማይ የሚባል ሰው ከፓስፊክ ደሴቶች በእንግሊዝ መርከብ ለንደን ገባ። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆሹዋ ሬይኖልድስ በ1776 ገደማ በሙሉ ቁመቱ ሳለው፤ ነጭ ረጅም ልብስ፣ ጥምጥም፣ ባዶ እግር፣ እጁ ላይ ንቅሳት። አቋሙ የጥንት ሮማውያን ሐውልቶች አቋም ነው። ክብር ይመስላል፣ ክብርም አለው፤ ግን ማይን ከአገሩ አውጥቶ ከሬይኖልድስ ሕልም ውስጥ ያስቀመጠ ክብር ነው። በ2023 የለንደኑ ብሔራዊ የፖርትሬት ጋለሪና የካሊፎርኒያው ጌቲ ሙዚየም ተጋግዘው በ50 ሚሊዮን ፓውንድ ገዙት። እጁን እየው። ንቅሳቱን ያልደበቀው ለዚህ ሠዓሊ የምሰጠው ትልቁ ምስጋና ነው።

ጥያቄ፦ ከእኛ ሰው ከአውሮፓ ሠዓሊ ፊት ተቀምጦ፣ በስሙ የተሳለ አለ?

መልስ፦ ፍሎረንስ በኡፊዚ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ የዐፄ ልብነ ድንግል ምስል አለ። የሳለው ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞ ነው፤ ከ1552 ጀምሮ ለከተማዋ ገዥዎች ለሜዲቺዎች የታዋቂ ሰዎችን ምስል ከሌላ ስብስብ እየገለበጠ ይሠራ ነበር። ንጉሡ በ1540 ሞተዋል። ስለዚህ ስማቸው አለ፣ መቀመጡ ግን የለም።

የተቀመጠው ጸጋ ክርስቶስ ነው። የዐፄ ያዕቆብ ልጅ ነኝ እያለ በ1630ዎቹ ሮምንና ሌሎች የጣሊያን ከተሞችን የዞረ ወጣት ነው፤ እውነተኛ ልዑል ነው አይደለም የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። በ1638 ፓሪስ አጠገብ ሞተ። በ1635 በጣሊያኗ ከተማ ቱሪን በነበረ ጊዜ የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ ጆቫና ጋርዞኒ በብራና ላይ በመዳፍ የምትያዝ ትንሽ ምስል ሠራችለት። በዚያ መጠን ጥቁር ሰው ከሳሉ የአውሮፓ ሥራዎች ሁሉ ከታወቁት የመጀመሪያዋ ናት፤ አሁን አሜሪካ ኦሃዮ፣ ኦበርሊን ኮሌጅ ሙዚየም ውስጥ ትገኛለች። የፈረንጅ ልብስ ለብሷል፣ ዳንቴል አንገትጌ አድርጓል። (አዎ፣ እንደገና ዳንቴል። በዚህኛው ግን ባትሪዬን ፊቱ ላይ ነው የማቆየው።) ቀጥ ብሎ ያየናል፤ ትሪ የለም፣ የአንገት ቀለበት የለም፣ ከጎኑ የተቀመጠች እመቤትም የለችም።

ምስሏ ስትገለበጥ ከጀርባዋ ላይ የሠዓሊዋ ስም አለ። በጣሊያንኛ ተጽፏል፤ በእኛው ፊደልም ተጽፏል። ፊደሉን ማን እንዳሳያት ለመገመት ምሁር መሆን አያስፈልግም።